ሽማግሌው ጫማውን ሳያወልቅ አይመለስ

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ አገር አስተዳደር፥ ስለ ትምህርት ዓላማና ስለ ሥልጣኔ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም መጻፉ አይቀርም። እኛ ዛሬ የተነሣነው ግን ስለ እግር ልንጽፍ ነው፤ ያውም ስለ ሽማግሎችና ስለ ባልቴቶች እግር። ርእሱ አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ እንደሚያሰኘው አስቀድመን እናውቃለን። ቅር አይለንም፤ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው ፈገግታ ነውና።

በአውሮጳና በአሜሪካ የእግር ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፖዲያትሪ ይባላል። ተማሪው ለዚሁ ብቻ ዓመታት ተምሮ ይመረቃል፤ በሥራው ላይ ሲሰማራም ደጁን ከሚመጡበት በሽተኞች ብዙዎቹ አዛውንት ናቸው። ጐንበስ ብሎ የእግሩን ጥፍር መቍረጥ ያቃተው፥ ዓይኑ ደክሞ ውስጥ እግሩን ማየት የተሳነው፥ የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘበት ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ሥራ በነርሱ፥ በጤና መኰንኑና በጠቅላላ ሐኪሙ ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ ደግሞ የማንም ሳይሆን እንዳይቀር ያሰጋል። ስለዚህ ልንጠይቅ የምንወደው ይህን ነው፤ ነገ ነርስ፥ ጤና መኰንንና ሐኪም የሚሆኑት ጓደኞቻችን ሽማግሌን፥ ይልቁንም የሽማግሌን እግር፥ በምን ዓይን ያዩታል?

በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፥ በቀብሪበያህ፥ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ፥ ለልምምድ የሚወጡ የጤና ተማሪዎች አሉ። ማታ በምግብ አዳራሽ ስንገናኝ «ዛሬ ምን አያችሁ?» እንላቸዋለን። ምጥ የተያዘች ሴት፥ በመኪና አደጋ የተሰበረ ሰው፥ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን አይተው እንደ ሆነ ወሬው አያልቅም። ሽማግሎች በርክተው የዋሉ ቀን ግን መልሱ አጭር ነው፤ «ምንም፤ ሽማግሎች ብቻ።» ይህን «ምንም» ደጋግመን ሰምተነዋል። ከእኛ መካከል ሶማልኛ የሚናገሩት አልፎ አልፎ ለማስተርጐም ስለሚጠሩ ነገሩን በዓይናችን ጭምር አይተናል። እግሬን አመመኝ ብሎ የመጣ አዛውንት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዕድሜው ይጠየቃል፤ «ያው እርጅና ነው» ይባላል፤ የሕመም ማስታገሻ ተጽፎለት ይሄዳል። ጫማው ግን ከእግሩ አልወለቀም። እግሬን ያለ ሰው እግሩ ሳይታይ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁሉም እንዲህ ናቸው አላልንም። ዝቅ ብለው የሽማግሌውን እግር በእጃቸው ይዘው፥ ጣት ከጣት እየለዩ የሚመረምሩ ጓደኞች አሉን። ሌሎቹን ለመውቀስ የደፈርነውም እነዚህ ስላሉ ነው፤ አንዱ የቻለውን ሌላው አልችልም ሊል አይገባውምና።

ለመሆኑ ይህ አስተያየት ከየት መጣ? የጤና ተማሪ ከሌላው ወጣት የከፋ ልብ ስላለው አይደለም። አንደኛው ምክንያት የትምህርቱ አካሄድ ነው። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ስለ ሆነ፥ እናቶችና ሕፃናትም ሊድኑ በሚችሉ በሽታዎች ይሞቱ ስለ ነበር፥ የጤናው ሥራ ለረጅም ዘመን ፊቱን ወደ እነርሱ አዙሯል። ይህ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ተማሪው ማንም ሳያስተምረው «ሽማግሌ ከቍጥር ውጭ ነው» የሚለውን አብሮ ተምሮበታል። ሁለተኛው ምክንያት የክብር ነገር ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል መቆም ያስከብራል፤ ከሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጦ የደደረ ቆዳና የጠነከረ ጥፍር ማየት ግን የሚያስከብር አይመስልም። ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት እርጅናን ራሱን እንደ በሽታ መቍጠር ነው። እርጅና በሽታ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒት ከሌለው መመርመሩ ምን ይረባል? ሮበርት በትለር የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሰውን በዕድሜው ብቻ መዝኖ ዝቅ ማድረግን ከዘር መድልዎ ጋር አስተካክሎ በ1969 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል። ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ በእኛም ቤት አለ።

የሚያስገርመው እኛ ሽማግሌን በማክበር የምንመካ ሕዝብ መሆናችን ነው። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ እንላለን፤ ምርቃቱን ተቀብለን አሜን እንላለን። የሶማሌ ወገኖቻችንም የደም ነገር ሳይቀር በዛፍ ጥላ ሥር በሽማግሎቻቸው ያስጨርሳሉ። ጐሳን ከጐሳ ያስታረቀው ያው ሽማግሌ ከምርመራ ክፍል ሲገባ ግን «ሽማግሎች ብቻ» ከተባሉት አንዱ ሆኖ ይወጣል።

እስቲ እነዚህ እግሮች የማን እንደ ሆኑ እናስብ። ከጅግጅጋ ሜዳ እስከ ድንበሩ ድረስ ያለው ሽማግሌ ብዙው ከልጅነቱ ጀምሮ ከግመልና ከበግ ኋላ ሲጓዝ የኖረ ነው። የግራር እሾህ ስንት ጊዜ እንደ ወጋው እርሱም አይቈጥረው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ጅግጅጋ ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጋገር ቤቱን ጥሎ የሸሸ አለ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደዚህ ገባ፤ ብዙዎቹም የመጡት በእግራቸው ነበር። በሐርቲሼክ የተቋቋመው ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ትላልቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ቈይቶ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። በስደቱ ጊዜ የ35 ዓመት ጐልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። «እግሬን» ሲል ይህን ሁሉ መንገድ የሄደበትን እግር ማለቱ ነው።

ከታሪኩ ወደ ሕክምናው እንለፍ። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ስለ ሆንን ሕክምና ልናስተምር አንቃጣም፤ ከጓደኞቻችን መጻሕፍት ያነበብነውን ብቻ እናስታውሳቸዋለን። የስኳር በሽታ ለዓመታት ሲቈይ የእግርን ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ይጐዳል፤ የደም ሥሮችንም ያጠባል። ሰውየው እሾህ ቢወጋው፥ ሸበጡ ቢልጠው ወይም የከሰል ፍም ቢለበልበው አይሰማውም። ቍስሉ ሳይታወቅ ይመረቅዛል፤ በመጨረሻም እግሩ እስከ መቈረጥ ይደርሳል። በከተሞቻችን ስኳር የበዛበት ሻሂ ከጧት እስከ ማታ እንደሚጠጣ፥ በጅግጅጋም የሌሊት ብርድ ጊዜ እግርን ከምድጃ አስጠግቶ ማሞቅ ደስ እንደሚል ለሚያውቅ ሰው አደጋው ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ከሁሉ የሚያሰጋው የማያመው እግር ነውና። ይህን ትምህርት ዓለም ያገኘው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የተጓዘ ሁሉ ባቢሌ ሳይደርስ በቢሲዲሞ ያልፋል። በዚያ ያለው ሐኪም ቤት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ በጀርመን በጎ አድራጊዎች ርዳታ የተቋቋመ ነው። የእነዚህ ሕሙማን ጣቶች የሚጠፉት በሽታው ስለሚበላቸው ሳይሆን፥ ስሜት አጥተው በቍስልና በቃጠሎ ስለሚጐዱ መሆኑን ፖል ብራንድ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በሕንድ አገር በቬሎር ሲሠራ አሳይቷል። ያው ትምህርት ዛሬ ለስኳር ሕሙማን ይሠራል። እግሩ ራሱ ስለማይናገር የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያሻም። በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ የናይሎን ክር አለ። እርሱም ከጠፋ በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ የተፈተነና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ዘዴ አለ። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው የሁለቱንም እግሮች የአውራ ጣት፥ የመካከለኛ ጣትና የትንሽ ጣት ጫፍ በገዛ ጣቱ ለ1 ወይም ለ2 ሴኮንድ ቀስ ብሎ ይነካል፤ በሽተኛው በተሰማው ጊዜ ይናገራል። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ በአደጋ ላይ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጣት፥ ጥቂት ደቂቃና የወለቀ ጫማ ነው።

«እግር ማጠብና መቀባት ደግሞ ሕክምና ነው ወይ?» የሚል ቢኖር ከአገራችን ደጋ ምስክር እንጠራለን። በባዶ እግሩ በቀይ አፈር ላይ ሲሠራ የኖረ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት የዝሆኔ በሽታ አለ። ኤርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠራ የዚህ በሽታ መነሻ አፈሩ መሆኑን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አስረድቷል። ቈይቶም በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ጥናት ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተሰጠው ሕክምና እግርን በሳሙና መታጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ ማሰሪያ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነበር። ይህም በድንገት እየተነሣ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የእግር ትኩሳትና ቍርጥማት ቀንሶ ተገኘ። በሽታው ከስኳር ሕመም የተለየ ነው፤ የሚያስተምረን ግን ዝቅተኛ የተባለው ሥራ ሲለካ ሕክምና ሆኖ መገኘቱን ነው።

አሁን ወደ ገዛ ሙያችን፥ ወደ ቋንቋ፥ እንምጣ። ብዙዎቹ የጤና ተማሪዎች ከሌላ የአገራችን ክፍል ተመድበው የመጡ ስለ ሆኑ ከሶማሌ ሽማግሌ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። አማርኛችን ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ «እግር» ይለዋል። ሶማልኛ ግን ይለያል፤ መላውን እግር «ሉግ»፥ ከቍርጭምጭሚት በታች ያለውን «ዓግ» ይለዋል። ተማሪው «እግርዎን ያምዎታል?» ሲል አስተርጓሚው «ሉግ» ብሎ ያሻገረው እንደ ሆነ ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ ይመልሳል፤ የውስጥ እግሩ ቍስል ሳይነሣ ይቀራል። መደንዘዝንም «ከቡብዮ» ይሉታል። ይህን አንድ ቃል የማያውቅ መርማሪ ስለ ሕመም ብቻ ሲጠይቅ ይውላል፤ ሽማግሌውም የሚሰማው ሕመም የለምና «ደኅና ነኝ» ይላል። «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይባል የለምን?

የአክብሮትም ነገር አለ። በአማርኛ ሽማግሌን «እርስዎ» ብለን እናከብራለን። በሶማልኛ አክብሮቱን ይበልጡን የሚሸከመው የዝምድና ስም ነው፤ ሽማግሌውን «አዴር»፥ ማለት አጎቴ፥ ባልቴቷንም «ኤዶ»፥ ማለት አክስቴ፥ ብሎ መጥራት ነው። «ተቀመጥ፥ አውልቅ፥ አሳይ» የሚሉትን ቃላት ብቻ በቃሉ አጥንቶ የቀረበ ተማሪ ሳያውቀው ሽማግሌውን እንደ ትንሽ ልጅ አዘዘው ማለት ነው። ከሽማግሌው ዘንድ እንቢታ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ቅሬታ ነው።

«የሽማግሌ እግር ይቀፋል» የሚል ቃልም ሰምተናል። ይህን ለሚሉ ጥያቄ አለን። ሙስሊሙ ሽማግሌ ለ5ቱ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን በቀን እስከ 5 ጊዜ ያጥባል። ከእኛ ከወጣቶቹ ይህን ያህል እግሩን የሚያጥብ ስንት ነው? እንዲያውም ችግሩ ሊመጣ የሚችለው እግሩ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ሲቀር ነው፤ በጣቶች መካከል የሚቀረው እርጥበት ለፈንገስ ይመቻልና። ይህን ያወቀ ተማሪ በመጠየፍ ፈንታ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «አዴር፥ ውዱእ ባደረጉ ቍጥር በጣቶችዎ መካከል ያድርቁ። ውስጥ እግርዎንም ይመልከቱ፤ ማየት ካቃተዎ የልጅ ልጅዎ ይመልከትልዎ። ጫማዎን ሳያራግፉ አያጥልቁ።» መጽሐፉ እግርን በየቀኑ መመርመር ይገባል ይላል። ሽማግሌው በየቀኑ ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ልማድ አስቀድሞ አለው፤ የሚቀረው ምክሩን ከልማዱ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

በክርስቲያኑም ወገን በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በገጠር ቤት ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግሩን ማጠብ የክብር ሥራ ሆኖ ኖሯል። ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያላፈሩበትን ሥራ ነጭ ጋውን የለበሰው ልጃቸው ስለ ምን ያፍርበታል?

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። «በሽተኛው ብዙ፥ ጊዜው ጥቂት ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ያልታየ ቍስል በኋላ ቀዶ ሕክምናን፥ የወራት አልጋንና የቤተ ሰብን ጥሪት ይጠይቃል፤ ጊዜ ቈጣቢው የትኛው ነው? «ባልቴቶች እግራቸውን ለወንድ ተማሪ አያሳዩም» ይላሉ። ይህም የሚያጋጥም ነው፤ ግን ሳይጠይቁ እንቢ ይላሉ ብሎ መተው ለራስ ማመካኘት ነው። በአክብሮት ይጠየቁ፤ እግር ብቻ እንዲገለጥ ይደረግ፤ ሴት ተማሪም ትጠራ። «አስቀድመው በባህል ሐኪም በእሳት ተተኵሰው ይመጣሉ» ብለው የሚስቁም አሉ። በሽማግሌው እግር ላይ ያለው ጠባሳ ሕመሙን ለማዳን የደከመበት ምልክት ነው፤ የተሳቀበት ሽማግሌ ሁለተኛ ወደ ሐኪም ቤት አይመጣም። «እናንተ የአርትስ ተማሪዎች በሕክምና ምን አገባችሁ?» ለሚሉንም መልሳችን አጭር ነው። የእነዚህ ሽማግሎች ልጆችና የልጅ ልጆች እኛው ነን።

ደግሞም ነገሩ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ሕፃናትንና እናቶችን ለማዳን የተደከመው ድካም ፍሬ ይህ ነው። ከሞት የዳነው ሕፃን አድጎ ያረጃል። ዛሬ በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ የጤና ተማሪ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከዓመት ዓመት የሚበዙ ሽማግሎችን ያክማል። «ሽማግሎች ብቻ» የሚለውን አነጋገር ካልተወ ከበሽተኞቹ ብዙዎቹን እንደ ናቀ ይኖራል ማለት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ለልምምድ የሚወጡ ጓደኞቻችን በመካከላቸው አንድ ደንብ ያጽኑ፤ በእግር ሕመም ወይም በስኳር በሽታ የመጣ ሽማግሌ ጫማውን ሳያወልቅ አይመለስ። ሁለተኛ፥ ማኅበሩ የአዛውንት እግር ምርመራ በልምምድ መዝገብ ላይ እንደ ማዋለድና እንደ ቍስል መስፋት እንዲቈጠርላቸው መምህራኑን ይጠይቅ፤ ተማሪ የሚቈጠርለትን ሥራ እንደሚያከብር ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛ፥ ሶማልኛ የምንናገር የአርትስ ተማሪዎች ስማችንን አስመዝግበን በተራ ለማስተርጐም እንገኝ። አራተኛ፥ ይህ መጽሔት በሚባዛበት ማባዣ ስለ እግር የሚያገለግሉ የሶማልኛ ቃላት በአንድ ገጽ ታትመው ለእያንዳንዱ የጤና ተማሪ ይታደሉ። ቃላቱን ሰብስበን ለማዘጋጀት እኛ ፈቃደኞች ነን።

ከእኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ ከሕዝቡ ጋር ለመገናኘት ሩቅ መጓዝ ነበረበት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለገጠሩ ሕዝብ አገልግሎት ያሠለጥን ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። እኛ ግን ያለነው እዚሁ ከሕዝቡ መካከል ነው። ሽማግሌው በራሱ እግር፥ እያነከሰም ቢሆን፥ ከፊታችን መጥቶ ተቀምጧል። ከጤና ተማሪ ጓደኞቻችን የምንለምነው ነገ ጧት ከወንበራቸው ተነሥተው፥ «አዴር» ብለው፥ ዝቅ ብለው ጫማውን እንዲያወልቁለት ነው።